የውድድር መኪና የሚጎትት፣ ሌሊት የሚያስተኛ፦ በውስን ገንዘብ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «1,100 ኪሎ የምትመዝን የውድድር መኪና አለችኝ። ባለ ሁለት አክስል ክፍት ተሳቢም ገዝቻለሁ። በዓመት ሰባት ጊዜ ያህል፣ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ርቄ እየሄድኩ እወዳደራለሁ። አንድ ጓደኛዬ አብሮኝ ይመጣል። የሆቴል ወጪው ከብዶኛል። ስለዚህ ተሳቢውን የሚጎትት፣ ሁለት ሌሊት ደግሞ የምንተኛበት መኪና መግዛት ፈልጌያለሁ። ገንዘቤ ውስን ነው። ኤስዩቪ፣ ፒክአፕ፣ ቫን ወይስ ያገለገለ ሞተርሆም (ቤት የተሠራበት መኪና)?»

ወንድሜ፣ መልሱን አላዘገይብህም። ያገለገለ፣ ከከባዱ ክፍል የሆነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የዕቃ ቫን ግዛ። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ይሁን። ግን ስሙን ብቻ ይዘህ ገበያ አትውጣ። እኔ የምጠራልህ መኪና አንተ ያለህበት ላይገኝ ይችላል። ምክንያቱን ከያዝክ የመጣልህን መኪና ሁሉ ራስህ መመዘን ትችላለህ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከአልጋው ነው። ፍራሹ ይገባል ወይ፣ መጋረጃው የት ይሰቀላል ይላል። እኔ የምለምንህ ከክብደቱ እንድትጀምር ነው። አልጋ በማንኛውም ቅዳሜ በጣውላና በብሎን ይሠራል። ደካማ ሻንሲና ደካማ ፍሬን ግን በጣውላ አይጠገንም።

ወረቀት አውጣና ደምር። መኪናዋ 1,100 ኪሎ ናት። ክፍት የብረት ተሳቢ እንደ አሠራሩ ከ700 እስከ 1,000 ኪሎ ይደርሳል። ያንተን 750 እንበለው። አራት ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው 75 ኪሎ ገደማ ነው። ክሪክ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ መለዋወጫና ማሰሪያ 120 ኪሎ ይሆናል። 60 ሊትር ቤንዚን ደግሞ 45 ኪሎ ነው። ድምሩ 2,090 መጣ፤ 2,100 በለው። ይህንንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አትመነው። ተሳቢውን ለጉዞ እንደተዘጋጀ ጭነህ ሚዛን ላይ አውጣው። ሰው የራሱን ዕቃ ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው።

«2,100 ኪሎ ምን አላት? 3,000 ኪሎ ይጎትታል የተባለ ኤስዩቪ ሞልቷል» ትል ይሆናል። ልክ ነህ። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚያ ቁጥር ላይ አይደለም። የመጎተት አቅም ሌላ፣ የመሸከም አቅም ሌላ ነው። ተሳቢው በመንጠቆው ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አለ። ያ ክብደት የሚቆጠረው በመኪናው ሸክም ላይ ነው፤ ልክ ከኋላ ወንበር ሰው እንደጫንክ ማለት ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ ብንለው 210 ኪሎ ይሆናል።

እስቲ 600 ኪሎ መሸከም የሚችል ኤስዩቪ እንውሰድ። አንተና ጓደኛህ 160 ኪሎ። የመንጠቆው ክብደት 210። ጣውላ፣ ፍራሽና ተጨማሪ ባትሪ 80። ውሃ፣ ስንቅ፣ ድንኳን፣ ልብስ፣ የውድድር ልብስና ሄልሜት 100። 550 ሆነ። የቀረህ 50 ኪሎ ነው። አንድ ትልቅ ክሪክና ሁለት ጄሪካን ከኋላ ብትወረውር አለቀ። መኪናው የመጎተት አቅሙ ገና ሳይነካ የመሸከም አቅሙ ጨርሷል። የኋላው ይቀመጣል፣ የፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራትህም ከመንገዱ ይልቅ ዛፍ ላይ ያበራል። ከባዱን ክፍል ቫን የምመክርህ ለዚህ ነው። ከ1,000 ኪሎ በላይ የሚሸከም ብዙ አለ።

ይህን የመሸከም አቅም የምታገኘው በሹፌሩ በር መቃን ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ከተለጠፈው ሳህን ነው። የሻጩን ቃል ተወው። የመንጠቆው ክብደት ደግሞ እንደ ገበያው ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን ይባላል። ለአውሮፓ የተሠሩ መኪኖች ግን ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 150 ኪሎ ባለው ላይ ጣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ተሳቢዎቹም ለዚያው የተሠሩ ናቸው። መኪናው፣ መንጠቆውና ተሳቢው ላይ የተጻፉትን ሦስቱንም አንብብ። የምትከተለው ትንሹን ቁጥር ነው። መንጃ ፈቃድህንም በዚያው እይ። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተሳቢው ከ750 ኪሎ በላይ ሆኖ የሁለቱ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ ካለፈ፣ ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

የመጎተት አቅም ተብሎ የሚጻፈውም ቁጥር ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ፈትኖ የራሱን ቁጥር ይጽፍ ነበር። በአሜሪካ ጄ2807 የሚባለውን የጋራ መለኪያ ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው። ሌሎቹ ቆይተው ተከተሉ። ፈተናው ከባድ ነው። በአሪዞና ዴቪስ ዳም የሚባል 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዳገት አለ። መኪናው ሙሉ ጭነቱን እየጎተተ፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ኤሲው ተከፍቶ መውጣት አለበት። ከኋላ ነጠላ ጎማ ያለው ከሆነ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር መውረድ የለበትም። ለበጀትህ የሚሆኑት መኪኖች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ እኔ የድሮ ቁጥር ሳነብ አንድ አራተኛውን ቀንሼ ነው። ከፍታ ያለበት አገር ከሆነ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል እንደሚያጣ አትርሳ።

ስለ ክብደት ይህን ያህል የማወራው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በመካከለኛ ኤስዩቪ ነበር የምጎትተው። አንድ እሁድ ማታ ደክሞኝ፣ ቸኩዬ ጫንኩ። መኪናዋ ተሳቢው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረች። አራቱን ትርፍ ጎማ ደግሞ ለእጅ ስለቀረበኝ ጭራው ላይ አሰርኳቸው። ቁልቁለት ላይ፣ በ95 ስሄድ አንድ ረጅም የጭነት መኪና አለፈኝ። ንፋሱ ገፋን። በመስታወት ሳይ ተሳቢው ወደ ግራ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከበፊቱ አብልጦ ወደ ግራ። መሪው እጄ ላይ ላባ ሆነ። ፍሬኑን ብረግጠው ኖሮ ተሳቢው አልፎኝ ይሄድ ነበር። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ጨመቅኩ። ተረጋጋ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መኪናዋን ወደ ፊት ገፋኋት፣ ጎማዎቹን ከፊት አመጣኋቸው። መኪናዋ የተገፋችው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የቀረውን መንገድ ተሳቢው እንዳለም አልተሰማኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አትደራደርባቸው። ከተሳቢው አክስል ፊት ያለው ጭነት ይክበድ፤ ስድሳ በአርባ ያህል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ መቆጣጠሪያው ጋቢና ውስጥ፣ እጅህ የሚደርስበት ይገጠም። ጎታቹ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ረዘም ያለ ይሁን። ረጅም መኪና ለማዞር ያስቸግራል፤ ተሳቢ ሲያወዛውዘው ግን በቀላሉ አይነቃነቅም።

አሁን ወደ መኪኖቹ።

በሰሜን አሜሪካ ገበያ ወይም ከዚያ በሚመጡ መኪኖች መካከል ከሆንክ፣ ሁለት ስም ያዝ፦ ፎርድ ኢ-350 እና ሸቭሮሌ ኤክስፕረስ 2500 ወይም 3500። ጂኤምሲ ሳቫና የሸቭሮሌው መንትያ ነው። ኤክስፕረስ ከ1996 ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ የተሠራ መኪና ስለሆነ መለዋወጫው ሞልቷል። ሁለቱም ከጋቢናው ወንበር ኋላ ሦስት ሜትር ገደማ ጠፍጣፋ ወለል አላቸው። አልጋህን ዘርግተህ ከእግርህ በታች ለመፍቻ ሣጥን ቦታ ይተርፋል። ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ነው የምትንቀሳቀሰው። ለሁለት ሌሊት ይቻላል። መንገድ ላይም ንፋስ ስለማይይዝ ይጠቅምሃል።

ሞተሩን ግን እይ። የፎርዱ 5.4 ሊትር ቤንዚን፣ በተለይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው፣ ካንዴላውን የሚይዘው ጥርስ አጭር ነው። ካንዴላውን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ነቅሎ ይተፋዋል። ካንዴላ የሚወጣበት ቀዳዳ በጠንካራ የጥርስ ቀለበት ተጠግኖ ከሆነ አትፍራው። በ2003 ያበቃው የፎርድ 7.3 ዲዝል በጽናቱ የታወቀ ነው። የተተካበትን 6.0 ዲዝል ግን በርካሽ ቢሰጡህም እለፈው። የዘይት ማቀዝቀዣው ይደፈናል፣ የተቃጠለ ጋዝ ማቀዝቀዣው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይከተላል። አንዱን ስትጠግን ሌላው ይጠብቅሃል። ለአንተ የምመርጠው የሸቭሮሌውን 6.0 ቤንዚን ነው። 4ኤል80ኢ ከሚባለው ካምቢዮ ጋር ከሆነ አትጠራጠር። ቀለል ባሉት ቫኖች ላይ ያለው 4ኤል60ኢ ግን ለዚህ ሥራ ስስ ነው።

«ቤንዚን ቪ8? ነዳጁ ይጨርሰኛል» አትበል። እንቁጠረው። በዓመት ሰባት ጉዞ፣ ደርሶ መልስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4,900 ኪሎ ሜትር ነው። እየጎተተ በ100 ኪሎ ሜትር 22 ሊትር ቢጠጣ በዓመት 1,080 ሊትር ያህል ይሆናል። ዲዝሉ 15 ሊትር ቢፈጅ 735 ሊትር ነው። ልዩነቱ 350 ሊትር አይሞላም። የዘመናዊ ዲዝል ኢንጄክተሮች አንድ ጊዜ ቢበላሹ የብዙ ዓመት ቁጠባህን በአንድ ቀን ይወስዱታል። በየቀኑ የሚጎትት ሰው ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ላንተ ግን ርካሽ መኪና ማለት ትንሽ የሚጠጣ ሳይሆን ሲበላሽ በትንሽ ገንዘብ የሚነሳ ነው።

የአውሮፓ ቫኖች ባሉበት ከሆንክ ስፕሪንተር፣ ትራንዚትና ዱካቶ ታያለህ። ለመኝታ ዱካቶን የሚያህል የለም። ውስጡ በሰፊው ቦታ 187 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በአግድም ይተኛበታል። ስፕሪንተርና ትራንዚት ወደ 178 ስለሚሆኑ በርዝመቱ መተኛት ይሻላል። ግን ዱካቶ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። ተሳቢው ኋላውን ሲጫነው ፊቱ ይቀላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም አይልህም። ማታ ዘንቦ፣ ፓዶኩ (ተወዳዳሪዎች መኪና የሚያቆሙበት ግቢ) ሣር ከሆነና መውጫው ትንሽ ዳገት ካለው፣ የፊት ጎማዎቹ እዚያው ይሽከረከራሉ። ትራክተር እስኪመጣ ትጠብቃለህ። ትራንዚት በሁለቱም መንገድ ስለሚሠራ፣ ከመግዛትህ በፊት የትኛው ጎማ እንደሚነዳው ጠይቅ። የመጀመሪያው ትውልድ ስፕሪንተር ዝገት ይወዳል። ከስር ገብተህ ክሪክ የሚቆምበትን ቦታ በመፍቻ ኳ ኳ አድርገው። ቶዮታ ሃይኤስ የማይሞት መኪና ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ ሞዴሎች የመጎተት አቅማቸው ለአንተ 2,100 ኪሎ አይበቃም። መኪናህና ተሳቢህ ቀላል ቢሆኑ ኖሮ መጀመሪያ የምጠራልህ እሱን ነበር።

ኤስዩቪ የግድ ካልክ፣ ትልቅ ይሁን። ሸቭሮሌ ሰበርባን 2500፣ ከ2000 እስከ 2005 የተሠራው ፎርድ ኤክስከርዥን፣ ወይም በብዙ አገሮች 3,500 ኪሎ የተፈቀደለት ላንድክሩዘር 100። የኋላ ወንበሮቹ ሲወጡ ለመተኛት ይበቃሉ። በሳምንቱ ቀናት ቤተሰብ የሚያመላልስ መኪና ከፈለግህ ከቫን ይሻላሉ። ላንድክሩዘር ግን ዋጋው አይወርድም፤ በዚያው ገንዘብ በጣም የተሻለ ቫን ታገኛለህ።

ፒክአፕ ጎበዝ ጎታች ነው። ለመኝታ ግን የኋላው ርዝመት ይወስናል። ባለ ሁለት ጋቢና መካከለኛ ፒክአፕ የጭነቱ ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ እግርህን አጥፈህ ታድራለህ። ረጅሙ፣ 2 ሜትር ወይም 2.4 ሜትር ያለው፣ ከላዩ ክዳን ተገጥሞለት ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ግን ከአልጋ ወደ ጋቢና ለመሄድ ውጭ መውጣት አለብህ። ለሁለት ሰው ደግሞ ጠባብ ነው።

ሞተርሆምን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልስ ልስጥህ፤ አትግዛ። ከውስጥ ያማልላል። ምድጃ አለ፣ ሽንት ቤት አለ። ግን የቤቱ ክብደት ራሱ የሻንሲውን አቅም አብዛኛውን ወስዶታል። ከኋላ አክስል ብዙ ተርፎ የሚወጣው ጭራም ብዙ ጊዜ የተበየደ ቅጥያ ነው። መንጠቆው የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ የተፈቀደው 1,600 ወይም 2,270 ኪሎ ነው፤ የመጀመሪያው አይበቃህም፣ ሁለተኛው አፍ እስከ ገደፉ ነው። በዚያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚሸጥ አሮጌ ሞተርሆም ጣሪያው ማፍሰሱ የተለመደ ነው። ጣውላው ከውስጥ በስብሶ ታገኘዋለህ። ጎማውም ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል።

ጎማ ካነሳሁ ላይቀር፣ የቫኑንም የተሳቢውንም ጎማ ዕድሜ አንብብ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው የተሳቢ ጎማ ላይ መኪናዬን አልጭንም፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር።

ቫኑን ልታይ ስትሄድ ከሻጩ ጋር ቀጠሮ ያዝና ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ተገኝ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥተህ በነጭ ወረቀት ላይ አሳርፈው። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተህ ተመለስ። ከዚያ ከስሩ ግባ። የመንጠቆው ብሎኖች ሻንሲው ላይ የሚገቡበት ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ጎትቷል ማለት ነው። ባሌስትራው ቀጥ ብሎ ተኝቶ እንደሆነ፣ ዲፈረንሲያሉ ዘይት እንደሚያልብ እይ። የተሳቢው መብራት ሶኬት ላይ የተቀጠለ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ካየህ ሙሉውን መስመር እንደምትቀይረው አስበህ ተደራደር። በመጨረሻ ረጅም ዳገት ፈልገህ ንዳው። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ከዘለለ ወይም ሞተሩ ጮሆ መኪናው ከዘገየ፣ ተሳቢ ስትጨምርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ገንዘብህን ሁሉ ለሻጩ አትስጥ። ከበጀትህ ቢያንስ አንድ አራተኛውን ያዝ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሁሉም ክፍል ዘይትና ተጨማሪ የካምቢዮ ማቀዝቀዣ በመጀመሪያው ወር ይገዛሉ። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት የሚያሳይ ጌጅም ግጠም። እየጎተትክ 95 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። 120 ካለፈ ዘይቱ በፍጥነት ይበላሻል፤ ማርሽ ቀንስ፣ ፍጥነት ቀንስ፣ ካስፈለገም ቁም።

አሁን እንተኛ።

ከመግዛትህ በፊት ጫማህን አውልቀህ ወለሉ ላይ ተጋደም። ሻጩ ቢገርመውም ይግረመው። አልጋውን ከወለሉ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ሥራው፤ ከስሩ የመፍቻ ሣጥኑና ወንበሮቹ ይገባሉ። እግሮቹን ወለሉ ላይ ካሉት የማሰሪያ ቀለበቶች ጋር በብሎን እሰር። በአልጋውና በጋቢናው መካከል የብረት መከለያ ካለ አታውጣው። ድንገት ፍሬን ስትይዝ 30 ኪሎ የመፍቻ ሣጥን ወደ ማጅራትህ ነው የሚመጣው።

ባዶ ላሜራ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የሁለት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል አንድ ጠብታ ግንባርህ ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ ሌላ። ሁሉን ዘግቶ መተኛት ያባብሰዋል። አንድ ዝቅ ያለ ክፍተትና አንድ ከፍ ያለ ክፍተት ይኑርህ፤ ጣሪያ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ቢገጠም ይበልጥ ይሻላል። ከሞተሩ ባትሪ የተለየ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ማራገቢያውን፣ መብራቱንና ስልካችሁን ሁለት ሌሊት በደንብ ይይዛል። የሞተሩን ባትሪ አትንካ።

እዚህ ላይ አደራ የምልህ ነገር አለ። ቤንዚን እና ሰው አንድ ክፍል ውስጥ አይደሩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ጄሪካኑ ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ተሳቢው ላይ ይታሰር። ምድጃ ውስጥ አታቀጣጥል። ሞተር አስነስተህ ለሙቀት አትተኛ። ሙቀት ከፈለግህ የሚቃጠልበትን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ በትክክል የተገጠመ የናፍጣ ማሞቂያ አለ። ሁለት ኪሎ ዋቱ በሰዓት ሩብ ሊትር ገደማ ነው የሚፈጀው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከፍራሹ በፊት ግዛ። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። አንድ ሌሊት እኔ ምንም ሳላቀጣጥል ጩኸቱ ቀሰቀሰኝ። ራሴን ያመኝ ነበር፤ የድካም መስሎኛል። በሩን ከፍቼ ስወጣ ከጎናችን ያለው ቡድን ጀኔሬተር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ይሠራል። ማታ ንፋሱ ወደ ሌላ ነበር፤ ሌሊት ዞሮ ጭሱን በዝቅተኛው ክፍተታችን በኩል ያስገባዋል። ጓደኛዬን ጎትቼ አስወጣሁት፤ ወዲያው አልነቃም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓዶክ ስገባ መጀመሪያ የማየው የጎረቤቶቼ ጀኔሬተር የት እንደሚቆም ነው። ራቅ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው የለም።

የአልጋው ትልቁ ጥቅም ግን የሆቴሉ ገንዘብ አይመስለኝም። እሁድ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ነድተሃል፣ ፀሐይ መትቶሃል፣ መኪና ጭነሃል፤ ከፊትህ 400 ኪሎ ሜትር ጨለማ አለ፣ ከኋላህ 2,100 ኪሎ። ያን የተወዛወዘ ተሳቢ የጫንኩት በእንደዚህ ያለ ሰዓት ነው። ስለዚህ ቫኑ ሲገዛ ሰኞንም ከሥራ አስፈቅድ፣ የፓዶኩንም አስተዳደር እሁድ ማደር ይቻል እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ካልተቻለ ከበሩ ብዙ ሳትርቅ ማደር የሚፈቀድበት ማረፊያ ፈልገህ ያዝ። ጠዋት በብርሃን ማሰሪያዎቹን አጥብቅ፣ የተሳቢውን ፍሬቻና የፍሬን መብራት ጓደኛህ ቆሞ ይይልህ። 20 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ቁምና የእያንዳንዱን የተሳቢ ጎማ ሞዞ (የጎማውን መሃል) በእጅህ ጀርባ ቀረብ ብለህ ሞክረው። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ይዞታል፤ ሳታየው አትቀጥል።